ከዙፋን ችሎት እስከ ፌዴራል ሰበር

በኢትዮጵያ ፍርድ ቤትና መንግሥት የተፋጠጡባቸውን ቀናት ብዙ ሰው በቁርጥራጭ ነው የሚያስታውሳቸው። አንዱ የአቶ ስዬ አብርሃን ዋስትና ያነሳል፤ ሌላው በ2012 በቴሌቪዥን የተላለፈውን የሕገ መንግሥት ክርክር፤ ሌላው ደግሞ ፍርድ ቤት «ይለቀቅ» ያለው እስረኛ በሩ ላይ ተመልሶ የተያዘበትን ቀን። ሁሉም የአንድ ረጅም ታሪክ ክፍሎች ናቸው። ታሪኩ ዳኛው ከሾመው ሰው እጅ ለመውጣት ያደረገው ሙከራ ሲሆን፣ ሙከራው ሁለት ጊዜ በፌዴሬሽን በኩል አልፏል፤ ሁለቱም ጊዜ የተለያየ ተስፋ ሰጥቶ።

ዳኝነት የዙፋን በነበረበት ዘመን፦ እስከ 1934

ዱሮ ዳኝነት ለማግኘት ፍርድ ቤት አያስፈልግም ነበር። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ «በሕግ አምላክ» ከተባለ ጠቡ ይቆማል፤ መንገደኛ ዳኛ ሆኖ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው ይቀርባሉ። ሙግቱ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ በምሳሌና በቅኔ የሚረቱበት የአደባባይ ጥበብ ነበር፤ ለማየትም ሕዝብ ይሰበሰብ ነበር።

ጉዳዩ ከፍ ሲል ግን መንገዱ ሁሉ ወደ ሹም ያመራል። የአካባቢው ገዢ ግብር ሰብሳቢም፣ ጦር አዝማችም፣ ዳኛም ነበር። ከእሱ በላይ የአገር ገዢው፣ ከዚያም ወምበር የሚባሉት ዳኞች፣ ከዚያም በንጉሡ ስም የሚዳኘው አፈ ንጉሥ፣ በመጨረሻም ዙፋን ችሎት። የንጉሡ ፍርድ ይግባኝ የለውም። በዚህ አሠራር ውስጥ «ነጻ ዳኛ» የሚባል ሐሳብ ቦታ አልነበረውም። ለድሃው ተስፋ የሚሆነው፣ ክፉ ሹም የበደለውን ደግ ንጉሥ ሊክሰው ይችላል የሚለው እምነት ብቻ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱን ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ሰጡ። ዳኝነት የራሱ ቢሮ ያገኘው ያኔ ነው። በ1923 የወጣው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥትም ስለ ፍርድ ቤቶች አንቀጾች ነበሩት። ይሁን እንጂ የሥልጣኑ ምንጭ አልተነካም፤ ዳኞችን የሚሾመውም የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠውም ያው ዙፋን ነበር።

ሕጉ ተጻፈ፣ ዙፋኑ ግን ከችሎት አልወረደም፦ 1934–1966

ጣሊያን ከወጣ በኋላ የተቋቋመው መንግሥት በ1934 ባወጣው ሁለተኛው አዋጅ ፍርድ ቤቶችን አዋቀረ። ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም የጠቅላይ ግዛትና የወረዳ ፍርድ ቤቶች በመደዳ ተደረደሩ። በወረቀት ላይ ዘመናዊ ነበር። በየጠቅላይ ግዛቱ ግን በዳኝነት ወንበር የሚቀመጠው ራሱ ገዢው ነበር። ጠዋት ግብር ያልከፈለውን ገበሬ ያሰረው ሰው ከሰዓት በኋላ የዚያኑ ገበሬ አቤቱታ ይሰማል ማለት ነው።

በጥቅምት 1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቃሉን አጠራው። ዳኞች በሕግ መሠረት ሲዳኙ ነጻ መሆናቸውን፣ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሕግም ዋጋ እንደሌለው ደነገገ። ተከትለው የወጡት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952፣ ከዚያም የሥነ ሥርዓት ሕጎቹ ለዳኛው እንደ ልቡ የማይቀይረው መለኪያ ሰጡት። በ1956 የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተና በሕግ የሠለጠኑ ወጣቶች ወደ ፍርድ ቤት መምጣት ጀመሩ። እነዚህ ዓመታት በኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ ውስጥ ብዙ የተሠራባቸው ናቸው፤ ዛሬም የፍትሐ ብሔር ችሎት የሚከፈተው በዚያ ዘመን በተጻፈ ሕግ ነው።

ያው ሕገ መንግሥት ግን ፍትሕ እንዳይጓደል የመጠበቁን መብትና ግዴታ ለንጉሠ ነገሥቱ አቆየ። በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተረታ ሰው አቤቱታውን ይዞ ወደ ዙፋን ችሎት ይሄድ ነበር። ብዙ ድሆች በዚህ መንገድ ርስታቸውን እንዳስመለሱ አይካድም። ዳኛው ግን የፈረደው ፍርድ በቤተ መንግሥት ሊገለበጥ እንደሚችል እያወቀ ነበር የሚፈርደው።

የመጀመሪያው ፌዴሬሽን፦ 1945–1955

በዚህ መሀል የሚዘነጋ አንድ ምዕራፍ አለ። በመስከረም 1945 ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች። የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽነር የነበሩት ቦሊቪያዊው ኤድዋርዶ አንዜ ማቲየንሶ አስረቅቀውት የኤርትራ ምክር ቤት ያጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ በአዲስ አበባ ያልነበረ ነገር ይዞ ነበር። የኤርትራ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጎች ከሕገ መንግሥቱ ጋር መስማማታቸውን የመዳኘት ሥልጣን ተሰጠው። የፍርድ ቤቱም ፕሬዚዳንት ብሪታንያዊው ዳኛ ጄምስ ሺረር ነበሩ።

ንድፉ ግን መሀሉ ባዶ ነበር። ዘውዱና የኤርትራ መንግሥት «ይህ ሥልጣን የእኔ ነው፣ ያኛው የአንተ» ብለው ሲጋጩ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ዳኛ አልነበረም። የፌዴራል ጉዳይ የሚያየውን ፍርድ ቤት የሚሾመው ዘውዱ ነው፤ ዘውዱ ደግሞ ከተከራካሪዎቹ አንዱ። የኤርትራ ሥልጣን በየዓመቱ ሲሸረሸር፣ ጋዜጦች ሲዘጉ፣ ፓርቲዎች ሲጠፉ፣ «ውሉ ፈርሷል» ብሎ የሚፈርድና ፍርዱ በሁለቱም ወገን የሚከበርለት ችሎት አልተገኘም። ኅዳር 5 ቀን 1955 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ከመፍረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የጀመረው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ብዙ ምክንያት ነበረው። ክርክሩ የሚዳኝበት ቦታ ማጣቱ ግን ከዋነኞቹ አንዱ ነው፤ የፌዴሬሽኑን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከሚሰጡት ቦታ የላቀ ቦታ ይገባዋል።

ያለ ፍርድ፦ 1967–1983

ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ደርግ ስድሳ ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትን ገደለ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኰንን፣ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ክስ አልቀረበም፣ ምስክር አልተሰማም፣ ዳኛ አልተሰየመም። በማግሥቱ በሬዲዮ የተነበበው «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ረጅም አድርጎ መተረክ አያስፈልግም። ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ተቋቋመ። የቀበሌና የገበሬ ማኅበር የፍርድ ሸንጎዎች ትንንሹን ሙግት ወሰዱ፤ ለብዙ ሰው ከቤቱ አጠገብ የሚገኝ ዳኝነት መሆናቸው እውነት ቢሆንም፣ በቀይ ሽብር ዓመታት ያው ቀበሌ እስር ቤትም ሆነ። መደበኛ ፍርድ ቤቶች የውርስና የውል ክርክር እየሰሙ ቀጠሉ፤ የሰው ሕይወት የሚወሰነው ግን ሌላ ቦታ ነበር። ደርግ በኋላ ያወጣው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ዳኞች ነጻ ናቸው ሲል፣ የሥራ ዘመናቸውን ከመረጣቸው ሸንጎ ዘመን ጋር አሰረው።

ሁለተኛው ፌዴሬሽን ሲወለድ፦ 1983–1987

ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ የዳኝነት ነጻነት በአዲስ አዋጅ እንዲቋቋም ወሰነ። በ1984 የዳኞች አስተዳደር ነጻነት የሚጠበቅበት አዋጅ ወጣ፤ በዚያው ሰሞን የደርግ ባለሥልጣናትን የሚከስ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። የደርግ ፓርቲ የኢሠፓ አባል የነበሩ ብዙ ዳኞች ተሰናበቱ። ክልሎች ሲዋቀሩ በሺህ የሚቆጠር የዳኛ ወንበር በአንድ ጊዜ መሙላት ነበረበትና በጥቂት ወራት ሥልጠና የተሾሙ ወጣቶች የወረዳ ችሎት ይዘው ተቀመጡ። ፌዴራሊዝሙ የተጀመረው በዳኛ ረሃብ ነው። ይህ ጉድለት ለብዙ ዓመት አልተሞላም፤ ልምድ የሌለው ዳኛ ደግሞ ለወረዳው አስተዳዳሪ ለመታዘዝ ቅርብ ነው።

ትልቁ ክርክር ግን በአርቃቂዎቹ መካከል ነበር። በክፍሌ ወዳጆ የተመራው የሕገ መንግሥት ኮሚሽን፣ በኋላም በዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ የተመራው ጉባኤ፣ አንድ ጥያቄ ፊታቸው ቆመ፦ ሕገ መንግሥቱን ማን ይተርጉም? መደበኛው ፍርድ ቤት ነው? ለብቻው የሚቋቋም የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው? ወይስ የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት ምክር ቤት?

ሦስተኛው አሸነፈ። መከራከሪያው ሕገ መንግሥቱ የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ፣ ሕዝብ ያልመረጣቸው ዳኞች በትርጉም ስም ሊቀይሩት አይገባም የሚል ነበር። ይህን ሐሳብ በቀላሉ መጣል አይገባም፤ በዙፋን ስም የተሾሙ ዳኞች ቋንቋውን በማያውቁት ሰው ላይ ሲፈርዱበት ከኖረ አገር የመጣ ሥጋት ነው። ሆኖም የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት በክልል ምክር ቤቶች የሚመረጡ ፖለቲከኞች ናቸው። በአንድ ፓርቲ በሚመራ አገር ሕግ አውጪውና የሕግ አውጪው ዳኛ አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የዳኝነት አካሉ ነጻ መሆኑን አውጆ፣ መደበኛውን ዳኝነት የሚነጥቁ ልዩ ፍርድ ቤቶችን ከለከለ። ፍርድ ቤቶቹን በሁለት ረድፍ፣ በፌዴራልና በክልል፣ አቆመ። ፌዴራል ፍርድ ቤት ባልተቋቋመበት ቦታ ክልሎች የፌዴራሉን ጉዳይ በውክልና ይዳኛሉ፤ ወጪውንም የፌዴራሉ መንግሥት ያካክሳል። የክልል ጠቅላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች ለክልሉ ምክር ቤት ከመቅረባቸው በፊት የፌዴራሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አስተያየት ይጠየቃል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ። የሕገ መንግሥት ክርክር አሥራ አንድ አባላት ወዳሉት አጣሪ ጉባኤ ይሄዳል፤ የጉባኤው ሰብሳቢ ያው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነው፤ የመጨረሻው ቃል ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት።

በመጀመሪያው ፌዴሬሽን የኤርትራ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የነበረውን ሥልጣን በሁለተኛው ፌዴሬሽን አንድም ፍርድ ቤት አላገኘውም።

ዋስትናው፦ 1993–1999

አዲሱ ሥርዓት የተፈተነው ገዢው ፓርቲ ራሱ ሲሰነጠቅ ነው። በ1993 የኢሕአዴግ ዋና አባል ድርጅት ሕወሓት ለሁለት ተከፈለ፤ ከተሸናፊው ወገን የነበሩት የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳዩ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ከነበሩት ከወጣቷ ብርቱካን ሚደቅሳ ፊት ቀረበ። ዳኛዋ ሕጉን አዩና ዋስትና ፈቀዱ።

ስዬ ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ፓርላማው ደግሞ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳይፈቀድለት የሚከለክል ማሻሻያ በጥድፊያ አወጣ። አዋጅ ቁጥር 239/1993 ነበር። ስዬ ስድስት ዓመት ገደማ በእስር ቆዩ። አንድ ዳኛ የሰጠችውን ትእዛዝ ለመሻር አስፈጻሚውም ሕግ አውጪውም ተረባረቡ። ያን ቀን የኢትዮጵያ ዳኞች የተማሩት ትምህርት ለብዙ ዓመት አብሯቸው ቆየ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የወጡት አዋጅ ቁጥር 250 እና 251 ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱን ሥልጣን አሰፉት። ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል የሚባለው ሕግ ብቻ ሳይሆን ደንብና መመሪያ፣ የባለሥልጣን ውሳኔም ጭምር ወደ አጣሪ ጉባኤው እንዲሄድ መንገድ ተከፈተ። ዳኞች «ሕገ መንግሥት» የሚለው ቃል ሲነሳ ፋይሉን ወደ ላይ መላክ ለመዱ።

በ1997 ይህ ልማድ ዋጋውን አስከፈለ። በምርጫው ዕለት ማታ፣ ግንቦት 7፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢው ለአንድ ወር ሰልፍና ስብሰባ ከለከሉ። ተቃዋሚው ቅንጅት ክልከላው የመሰብሰብ መብትን ይጥሳል ብሎ ከሰሰ። ሕገ መንግሥቱ መብቱን በግልጽ ያስቀመጠው ቢሆንም፣ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ራሱ ከመወሰን ይልቅ ጥያቄውን ወደ አጣሪ ጉባኤው ላከው። ጉባኤው መመሪያው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። የጉባኤው ሰብሳቢ ከማል በድሪ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ በዚያው ጊዜ የምርጫ ቦርዱም ሰብሳቢ። ምርጫውን ያስፈጸመው፣ የአገሪቱን ትልቁን ፍርድ ቤት የሚመራውና ከምርጫው በተነሳው የሕገ መንግሥት ክርክር ላይ የተሰየመው አንድ ሰው ነበር። የግለሰቡ ጉዳይ አይደለም፤ ሦስቱን ወንበር ለአንድ ሰው መስጠት የሚያስችለው አሠራር ነው ጥፋቱ።

ከምርጫው በኋላ የተፈጸመውን ግድያ እንዲያጣራ ፓርላማው ያቋቋመውን ኮሚሽን የመሩት ዳኞች ነበሩ፦ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ደረሰበት። ሁለቱም ዳኞች፣ የመንግሥት ኃይሎች የወሰዱት እርምጃ ተመጣጣኝ አልነበረም የሚለውን የኮሚሽኑን ድምፅ እንዲያስቀይሩ ጫና እንደተደረገባቸው ተናግረው አገር ጥለው ወጡ። የኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ተሻለ አበራም በ1999 ተሰደዱ። መንግሥት ራሱ በ1997 ያስጠናው የፍትሕ ሥርዓት ጥናት የፖለቲካ ጣልቃ ገብነትን ከዋና ዋና ሕመሞቹ አንዱ አድርጎ ቆጥሮት ነበር፤ ጥናቱ የጻፈውን ዓመታቱ አሳዩት።

ብርቱካን ሚደቅሳ ከዳኝነት ወጥተው ፖለቲካ ገቡ። ከቅንጅት መሪዎች ጋር የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፣ በ1999 በይቅርታ ወጡ፣ በ2001 ተመልሰው ታሰሩ፣ በ2003 ተለቀቁ።

ሰበርና መላኩ ፈንታ፦ 1997–2009

እነዚህን ዓመታት ጨለማ ብቻ አድርጎ መሳል ስሕተት ይሆናል። በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 454፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በፌዴራልም በክልልም ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ እንዲያስገድድ አደረገ። የሰበር ውሳኔዎች በቅጽ እየታተሙ ጠበቃው፣ ዳኛው፣ የሕግ ተማሪው እጅ ገቡ። ለወረዳ ዳኛ ይህ መከታ ነው፤ አስተዳዳሪው «ለምን እንዲህ ፈረድክ» ሲለው የሚያሳየው ገጽ አገኘ።

የፌዴራሊዝሙ ክርክርም አብሮ መጣ። በአንድ ክልል የመሬት ሕግ ላይ የክልሉ ሰበር የመጨረሻ ቃል ከሰጠ በኋላ ተረቺው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሰዉ «የሰበር ሰበር» ይለዋል። ሕገ መንግሥቱ ለፌዴራሉ ሰበር «ማናቸውንም» የመጨረሻ ውሳኔ የማረም ሥልጣን ሰጥቷል፤ በሌላ አንቀጽ ደግሞ የክልል ጉዳይ የመጨረሻ ዳኛ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው ይላል። ለተራው ባለጉዳይ ተጨማሪ ዕድል ነው፤ ለክልሉ ፍርድ ቤት ግን በቤቱ ውስጥ ያለ ሌላ አዛዥ።

የፌዴሬሽን ምክር ቤቱም አንዳንድ ጊዜ ከሚጠበቅበት በላይ ተገኝቷል። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት መላኩ ፈንታ በ2005 በሙስና ሲከሰሱ፣ የሚኒስትር ማዕረግ ስላላቸው ጉዳያቸው በቀጥታ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ይታይ የሚል ጥያቄ ተነሳ። እንደዚያ ከሆነ ይግባኝ የሚሉበት ቦታ አይኖራቸውም። ምክር ቤቱ በ2006 ድንጋጌው የይግባኝ መብትን ስለሚያሳጣ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ጉዳዩ በከፍተኛው ፍርድ ቤት እንዲታይ አደረገ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ያሳዝናል እንጂ እንዲህ ያለ ውሳኔ ብርቅ ነው፤ ወደ አጣሪ ጉባኤው ከሚጎርፉት አቤቱታዎች አብዛኞቹ የትርጉም ጥያቄ የለባቸውም እየተባሉ ይመለሳሉ።

አዲስ ተስፋ፣ አሮጌ መንገድ፦ 2011–2015

በጥቅምት 2011 መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ሰለሞን አረዳ ምክትላቸው ሆኑ። መዓዛ ቀድሞ ዳኛ የነበሩ፣ የኢትዮጵያ የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያቺው ዋስትና የፈቀደች ዳኛ፣ ብርቱካን ሚደቅሳ፣ ከስደት ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ።

ሁለቱ ሴቶች ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በአንድ ጉዳይ ተገናኙ። በኮሮና ምክንያት ቦርዱ የ2012ን ምርጫ በጊዜው ማካሄድ እንደማይችል አሳወቀ፤ የተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ግን ሊያበቃ ነው። ጉዳዩ ለትርጉም ወደ አጣሪ ጉባኤው መጣ። በመዓዛ ሰብሳቢነት ጉባኤው ምሁራንን ጠርቶ በቴሌቪዥን ፊት አከራከረ። ሕዝብ ስለ ሕገ መንግሥት አንቀጾች ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ከዚያ በፊት አልታየም። ውሳኔውን የሚሰጠው ግን ጉባኤው አልነበረም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ኬሪያ ኢብራሂም ሥልጣን ለቀቁ፤ ምክር ቤቱ በሰኔ መጀመሪያ በ114 ድምፅ ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ የምክር ቤቶቹን ዘመን አራዘመ። ትግራይ ውሳኔውን አልቀበልም ብላ በጳጉሜን የራሷን ምርጫ አካሄደች፤ በጥቅምት 2013 ጦርነት ተነሳ። የጦርነቱ ሥር ከዚህ ይጠልቃል። በ1955 የጠፋው ያው ነገር ግን እንደገና አልነበረም፤ ሁለቱም ወገኖች «ይህ ይፍረድ» ብለው የሚቀበሉት ዳኛ።

በ2013 የወጡት አዋጅ ቁጥር 1233 እና 1234 ብዙ መልካም ነገር ይዘው መጡ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሠራተኛቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ፣ በጀታቸውን በቀጥታ ለተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርቡ፣ ዳኛም በሰጠው ውሳኔ ምክንያት እንዳይንገላታ ጥበቃ እንዲኖረው ተደነገገ።

የእስር ቤቱ በር ግን በአዋጅ አልተከፈተም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ተቃዋሚ ፖለቲከኛውን ልደቱ አያሌውን የምሥራቅ ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዋስ እንዲወጡ ቢያዝም ፖሊስ ሳይለቃቸው አቆያቸው፤ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ትእዛዙ እንዲከበር ጠየቀ። የፌዴራል ፍርድ ቤት የለቀቀውን ሰው የክልል ፖሊስ በሩ ላይ ጠብቆ የወሰደባቸው ሌሎች ጊዜያትም ነበሩ። ሁለት መንግሥት ያለበት አገር ለዜጋው ሁለት ጋሻ ሊሆነው ይገባ ነበር፤ እዚህ ላይ ሁለት እጅ ሆነበት፣ አንዱ ሲለቅ ሌላው የሚይዝ።

በጥር 2015 መዓዛ አሸናፊና ሰለሞን አረዳ በራሳቸው ፈቃድ ሥልጣን መልቀቃቸው ተነገረ። በዚያው ሰሞን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ቴዎድሮስ ምሕረት ፕሬዚዳንት፣ አበባ እምቢአለ ምክትል ሆነው በተወካዮች ምክር ቤት ተሾሙ። ሹመቱ የሄደበት መንገድ በ1987 የተጻፈው ነው። ትርጉሙን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የሰጠው አንቀጽም ሳይነካ አለ። እሱን ለመቀየር ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው፤ ከክልሎቹም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ማጽደቅ ይኖርባቸዋል። ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት እንዲመልሱ የሚጠየቁት እንግዲህ ከፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ከራሱ ጀምሮ አባላቱን መርጠው የሚልኩት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው።